ዙሪያ ጥምጥም የምትመጣው ልጅ

ዛሬ ፖለቲካውን ለጎረቤት ዓምዶች ትቼ ስለ አንድ የእግር መንገድ ላወጋችሁ ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ ስም እንኳ የሌለው መንገድ ነው። ‹‹ይህ ሰውዬ ደግሞ ወሬ አለቀበት›› የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ነገሩ የኮሚኒቲያችንን ኪስም የልጆቻችንንም እግር የሚነካ ነው፤ የፊታችን እሑድም ውሳኔ ይጠብቀዋል።

የምኖረው ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚኒቲያችን በተከራየው አዳራሽ አማርኛ ይማራሉ። የትልልቆቹ ክፍል የሚለቀቀው በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ገና ያልገባችበት፣ ሰው ማኪያቶውን የሚጠጣበት ሰዓት ነው። እዚህ ግን በታኅሣሥ ፀሐይዋ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ልጆቹ የሚወጡት በድቅድቅ ጨለማ ነው።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድ ልጄ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይለቀቃል። ከአዳራሹ ቤት ለመድረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት እኅቱ ግን ለዚያው መንገድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። ‹‹የት ቆመሽ ነው?›› እላታለሁ። ‹‹የትም›› ትለኛለች። እኔም በአባቶቻችን ወግ እቆጣለሁ። ስልክ ስትጎረጉሪ ነው፣ ከጓደኛ ጋር ስታወሪ ነው እላለሁ። አንድ ቅዳሜማ ‹‹ከእንግዲህ ካረፈድሽ ትምህርቱ ይቀራል›› ብዬ ዛትኩ። ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ የልጅ ዝምታ ግን ይነቅዛል።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ የመብራት ቢል የመጣበትን ፖስታ ገልብጣ በጀርባው መሣል ጀመረች። ‹‹አባዬ፣ አንተ የት ቆምሽ አልከኝ እንጂ በየት መጣሽ አላልከኝም›› አለችኝ።

አዳራሹን ሣለች፤ ቤታችንን ሣለች፤ በመካከል ከአውራ ጎዳናው ሥር የሚያልፈውን የእግረኛ መሿለኪያ ሣለችና በቀይ እስክሪብቶ አጠቆረችው። ‹‹ውስጡ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንዳለ አይታይም›› አለች። ቀጥሎ ጎረምሶች የሚቆሙበትን የተዘጋ ሱቅ በቀይ ከበበችው። የአውቶቡስ ፌርማታውንም ቀይ አደረገችው። ‹‹ፌርማታ ደግሞ ምን አደረገሽ?›› ብላት ‹‹ትልቁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከኋላዬ የሚመጣውን ሰው ይጋርድብኛል›› አለችኝ። ከዚያ አረንጓዴ እስክሪብቶ አነሣች። ፒሳ ቤቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እስከ ማታ ክፍት ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሰውዬውም ልጆቹን ያውቃቸዋል። ውሻ የሚያንሸራሽሩ አሮጊቶች የሚበዙበት ጎዳና አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴዎቹን ነጥቦች በመስመር ስታገናኛቸው የልጄ መንገድ ወጣ። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ያ ነበር። ለካስ ልጄ የትም አልቆመችም።

ማታውኑ አብረን ልናየው ወጣን። ጥቂት እንደሄድን ‹‹ካንተ ጋር ስሆን አይቆጠርም፤ ወደ ኋላ ቅር›› አለችኝ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኳት። መሿለኪያው አጠገብ ስንደርስ በእኔና በልጄ መካከል አንዲት የማላውቃት ወጣት ትሄድ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። እርምጃዋን አፈጠነች፤ እንደገና አየችኝና መንገዱን ተሻግራ ሄደች። በሕይወቴ ሰው አስፈራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና አንድ ኑዛዜ ልጨምር። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለን ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ የምንቀመጥባት ድንጋይ ነበረችን። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጃገረዶችን እንለክፍ ነበር። አንዳችን ስለ አረማመዷ፣ አንዳችን ስለ ጡቷ፤ ያልሳቀ እንደ ፈሪ ይቆጠራል። እኔም ስቄአለሁ፤ ለክፌአለሁም። አንዲት ልጅ ነበረች፤ አንድ ቀን በዚያ ማለፉን አቆመች። በላይኛው መንገድ፣ ዳገቱን ዞራ መሄድ ጀመረች። ‹‹ኮራች›› ብለን ሳቅን። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ የልጄን ካርታ ሳይ ነው የዚያችን ልጅ ዳገት ያስታወስኩት።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ኋላ ጋዜጠኛ ሆኜ ስለ አዲስ አበባ መንገዶች ስንት ገጽ መጻፌ ነው። መሐንዲስ ጠይቄአለሁ፤ ባለሥልጣን ጠይቄአለሁ፤ የታክሲ ሾፌር ጠይቄአለሁ። ውጭ አገር መጥቼ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ስለ ከተማ ብዙ አንብቤአለሁ። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ‹‹በየት ነው የምትሄጂው? ለምን?›› ብዬ የጠየቅሁበት አንድ ቀን ግን የለም።

እንግዲህ ነገሩ ከእኔ ቤት የጀመረ እንዳይመስላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) በ1991 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ‹‹አደባባዩ የማነው?›› የሚል ጥያቄን ርዕሱ ያደረገ የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ታየ። የስምንት ሴቶችን የዕለት ውሎ፣ በከተማው ውስጥ በእግርም በትራንስፖርትም የሚመላለሱበትን መንገድ የሚያሳይ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዷ ኤቫ ካይል የተባሉ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነበሩ። በዓመቱ ከተማው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሲከፍት በኃላፊነት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ በ1996 እና በ1997 የቪየና መናፈሻዎች ተጠኑ። የተገኘው ውጤት የሚያስገርም ነበር። ልጃገረዶች አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከመናፈሻው ይጠፋሉ፤ ወንዶቹ ግን አይጠፉም። ‹‹አትግቡ›› ያላቸው የለም። ነገር ግን ሜዳው አንድ ወጥ ነው፤ የኳስ መጫወቻው በሽቦ የታጠረ ነው፤ ቦታ የሚይዘው ተሻምቶ ያሸነፈ ነው። በሽሚያ ደግሞ ልጃገረዶቹ ይሸነፋሉ። በ1999 በአምስተኛው ወረዳ በማርጋሬተን ሁለት መናፈሻዎች እንደገና ተሠሩ፤ አንዱ አይንዚድለር ፓርክ ነው። የእግር መንገድ ተጨመረ፤ የመረብ ኳስና የባድሜንተን ሜዳ ወጣ፤ ሰፊው ሜዳ በአትክልት ተከፋፍሎ ሰው በቡድን በቡድን የሚቀመጥበት ጥግ ተበጀለት። ወንዶቹ ሳይባረሩ ልጃገረዶቹ ተመለሱ።

ወደዚሁ ወደ ስዊድን ስንመጣ፣ በማልሞ ከተማ ብዙ ስደተኛ የሚኖርበት ሮሴንጎርድ የሚባል ሰፈር አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ‹‹ለወጣቶች›› ብሎ ያሠራቸው መጫወቻዎች በአብዛኛው የወንዶች መዋያ ሆነው አገኛቸው። አሁን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሰፈሩን ልጃገረዶች ለበጋ ሥራ ቀጠረ፤ አዲሱ ቦታ ምን ይምሰል የሚለውን እነሱ እንዲያስቡበት አደረገ። ‹‹ቀጠረ›› የሚለውን ቃል አስምሩበት፤ ደመወዝ ከፍሏቸዋል ማለት ነው። በ2013 የተከፈተው ቦታ ሙዚቃ የሚሰማበት፣ የሚጨፈርበት መድረክ ያለው ነው። ለወጣት የሚገባው ኳስና ስኬትቦርድ ብቻ ነው ያለው ማን ነበር?

በሰሜን ስዊድን ደግሞ ኡሜኦ የምትባል ከተማ አለች። ከ1998 እስከ 2005 ድረስ አንድ ሰው በሴቶች ላይ በተደጋጋሚ ከባድ ጥቃት አድርሶባት ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስባለች። በ2012 በባቡር ጣቢያዋ ሥር የተከፈተው የእግረኛ መሿለኪያ ሰፊ ነው፤ ብርሃን በደንብ ይገባዋል፤ ማዕዘኖቹ ሹል ሳይሆኑ የተጠጋጉ ስለሆኑ ከፊት የሚመጣው ሰው ከሩቁ ይታያል። ልጄ በፖስታ ጀርባ ላይ በቀይ ያጠቆረችውን ነገር እዚያ መሐንዲስ በሲሚንቶ መልሶታል። እዚያው ከተማ በ2016 ‹‹ፍሪሶን›› የተባለ የልጃገረዶች ምክር የገባበት መቀመጫ በመናፈሻ ውስጥ ተሠራ። ጣሪያ ያለው፣ እንደ ዥዋዥዌ የተንጠለጠሉ ወንበሮች ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ መብራት ያለው ነው። ልጃገረዶቹ የፈለጉት ውድድር የሌለበት፣ ‹‹ይህን ሥሪ፣ ያን ሁኚ›› የማይባሉበት ማረፊያ ነበር።

ከሁሉ ቀላሉና ርካሹ ዘዴ ግን የካናዳዋ የቶሮንቶ ነው። በ1984 የተቋቋመ ሜትራክ የተባለ ድርጅት በ1989 ‹‹የደኅንነት ቅኝት›› የሚባል አሠራር አወጣ። በቦታው የሚጠቀሙት ሴቶች ራሳቸው ሲመሽ በእግራቸው ይሄዱና ወረቀት ይዘው ይጠይቃሉ። እዚህ ቆሜ ምን ይታየኛል? እኔስ ለማን እታያለሁ? ብጮኽ የሚሰማ አለ? መውጫው ስንት ነው? አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተዛምቷል። እዚያው ቶሮንቶ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ተሳፋሪ በሁለት ፌርማታ መካከል ‹‹እዚህ አውርደኝ›› ማለት ይችላል፤ ይህም የሴቶቹ ጥያቄ ያመጣው ነው። ልብ በሉ፣ ምንም አዲስ ግንብ አልተገነባም፤ ሾፌሩ ፍሬን እንዲረግጥ ተፈቀደ እንጂ።

‹‹ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው›› ለሚል ሰው፣ በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የካይሮን፣ የዴልሂን፣ የሃኖይን፣ የካምፓላንና የሊማን ልጃገረዶች ጠይቆ ነበር። ካምፓላ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለችም። በዚያው ዓመት በሕንድ ‹‹ሴፍቲፒን›› የተባለ የስልክ መተግበሪያ ወጣ፤ ሰው የቆመበትን ቦታ በመብራቱ፣ በእግር መንገዱ፣ በሚታየው ሰው ብዛት እየመዘነ ነጥብ ይሰጣል። ልጄ በፖስታ ላይ የሠራችው ሥራ በስልክ ሲሠራ ማለት ነው።

ስለ አገራችንስ? በ2014 በአዲስ አበባ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍራ ታግታ፣ ተደፍራ፣ ሕይወቷ አለፈ። አገር ሁሉ አለቀሰ፤ ጥፋተኞቹም ተፈረደባቸው። ፍርዱ ተገቢ ነው። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ‹‹ታክሲ የምትጠብቁት የት ነው? የትኛው ፌርማታ ያስፈራችኋል?›› ብሎ የእድሜ እኩዮቿን መጠየቅ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነበር። አሁን በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና ብዙ መብራት መጥቷል፤ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። በአንጻሩ ፒያሳን ጨምሮ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰዋል። መብራት ጥሩ ነው። ነገር ግን ከመታጠፊያው በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ ጉልት የምትቸረችረው ሴትዮ፣ ደጁ ላይ ወንበር ዘርግቶ የሚቀመጠው ሽማግሌ፣ እነዚህም ለምታልፈው ልጅ መብራት ናቸው። የትኛው መብራት እንደሚበልጣት ልጅቷን ጠይቋት። ለመሆኑ ፕላኑ ሲወጣ ስንት ልጃገረድ ተጠየቀች?

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብን። ጥፋተኛው ለካፊውና አጥቂው ነው፤ መንገዱ ወይም አምፖሉ አይደለም። የሰፈር ወንድ ልጅ ሥነ ሥርዓት ካልተማረ ማዕዘን ቢጠጋጋ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሆኖም ልጁ እስኪማር ድረስ ልጅቷ ዛሬ ማታ ወደ ቤቷ መግባት አለባት።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ኮሚኒቲያችን የአዳራሹ ውል ስላለቀበት ሌላ አዳራሽ ይፈልጋል። አስመራጭ ኮሚቴው ሰባት ነን፤ ሰባታችንም ወንዶች። ሁለት አዳራሽ አየን። አንደኛው ሰፊ ነው፣ ኪራዩም በወር በአራት ሺህ ክሮኖር ይቀንሳል፤ ያለው ግን ከመጋዘኖች መካከል ነው፤ መግቢያው በጓሮ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። ሁለተኛው ጠበብ ያለ፣ ውድ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ፌርማታው ፊት ለፊት ያለ ነው። በአንድ ድምፅ ርካሹን መረጥን። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ያየነው ቅዳሜ በቀትር ነበር፤ ከሰባታችን ስድስታችን የመጣነው በመኪና ነው።

የልጄን ካርታ ካየሁ በኋላ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ልጃገረዶቹ ይዩት አልኩ። ከመካከላችን አንዱ ፈገግ ብሎ ‹‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል›› አለና ቤቱን አሳቀው። ቡና ሲያቀርቡ የነበሩት እትዬ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ‹‹በወንድማ አልቆ አየነው›› አሉ። ‹‹እኛ አሮጊቶቹስ ለቅሶ ስንመጣ ተጠራርተን በቡድን የምንሄደው ለምን ይመስላችኋል? ለጨዋታ ነው? እስቲ ልጆቹ ሄደው ይዩ፤ ምን ትከስራላችሁ?›› የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሼም ዝም ብለው ቆዩና ‹‹እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ሳምንት እንቆይ›› አሉ።

ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት የሆናቸው ስድስት ልጃገረዶች ከሁለት እናቶች ጋር በምሽት፣ በአውቶቡስና በእግር ወደ ሁለቱም አዳራሾች ሄዱ። አንዲት ገጽ ወረቀት ይዘው መጡ። እንደፈራነው ‹‹ውዱን ተከራዩ›› አላሉም። ርካሹ አዳራሽ በፊት ለፊት የተቆለፈ በር አለው፤ እሱ ይከፈት አሉ። ከፌርማታው እስከ በሩ ሁለት መብራት ይተከል፤ በአጥሩ ጥግ ያለው ቁጥቋጦ ይቆረጥ። መጸዳጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከረጅም ኮሪደር መጨረሻ ነው፤ የመብራቱ ማብሪያ ያለው ከወዲያኛው ጫፍ ስለሆነ በጨለማ ካልሄዱ አይበራም፤ ማብሪያው ወደ መግቢያው ይዛወር። የሁለቱ ክፍሎች ትምህርት በአንድ ሰዓት ያልቅና ልጆች ሁሉ አብረው ይውጡ። አከራዩ እነዚህን ካልፈቀደ ግን ሁለተኛውን እንመርጣለን ይላል ወረቀቱ።

እኛ ሰባት ወንዶች ያንን መጸዳጃ ቤት አይተነዋል። ማብሪያውን ያየ አልነበረም። የትምህርቱን ሰዓት ማስተካከል ደግሞ አንድ ክሮኖር አያስወጣም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ማናችንም አላሰብነውም። ልጃገረዶችን መጠየቅ ለእነሱ የሚደረግ ቸርነት እንዳይመስለን። የማናውቀውን የሚያውቁ ባለሙያዎች ስለሆኑ ነው የምንጠይቃቸው። ባለሙያ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ እንዲያጨበጭብ አይጠራም፤ የሚጠራው ከመጀመሪያው፣ ወረቀቱ ገና ነጭ ሳለ ነው።

ልጄ ስለ መሿለኪያውም ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጽፋለች። በሦስተኛው ሳምንት የተሰበረው አምፖል ተቀየረ። ውስጡ ግን እንደታጠፈ ነው፤ እሷም አሁንም በፒሳ ቤቱ በኩል ዞራ ትመጣለች። እኔ መቆጣቴን ትቻለሁ። ወንድሟን ‹‹አንተስ በመሿለኪያው ስታልፍ ምን ታስባለህ?›› አልኩት። ‹‹ምንም›› አለኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ከእኅቱ ጋር ይመጣል፤ በእሷ መንገድ ነው የሚመጡት።

ውሳኔው የፊታችን እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ይሰጣል። አከራዩ ለበሩና ለመብራቱ እስከዚያ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። በደንባችን ድምፅ የሚሰጠው መዋጮ የከፈለ አባል ብቻ ስለሆነ ስድስቱ ልጃገረዶች ድምፅ የላቸውም፤ ወረቀታቸው ግን ይነበባል። ስለዚህ የዚህ ከተማ አንባብያን፣ ኑ። ሴቶች ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ከተቻላችሁም ለአንድ ቀን መኪናችሁን ቤት ትታችሁ፣ ሲመሽ፣ በእግራችሁ ኑ። በሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ልጃችሁን ‹‹የት ቆምሽ?›› ከማለታችሁ በፊት ‹‹በየት መጣሽ?›› በሏት።

ቸር ይግጠመን።